ስለ ሆድ መቆጣትና ስለሚያበርዱት ፕሮቲኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ሰዎች ለቡና ከተቀመጡ በረካው ሳይደርስ ወሬው ወደ ሆድ ይዞራል። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል። ሌላዋ አሜባ ነው ትላለች። ሦስተኛው ተልባ ያዛል። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሰው ናሙናውን ሲሰጠኝ ጥያቄውንም አብሮ ይሰጠኛል። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ «ሳይቶካይን» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሰውነት ራሱን ያቃጥላል ሲባልም ሰምቷል፤ መቆጣት የምለው ይህንን ነው። ስለሚያበርዱት፣ «ሶክስ» ስለሚባሉት ፕሮቲኖች ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ይህን ገጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሳይቶካይን ምንድን ነው?

ሴሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ገጠር ውስጥ ጅብ በረት ሲገባ ወይም ቤት ሲቃጠል ኡኡታ ይሰማል። የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ሳይቶካይን የሴል ኡኡታ ነው። የአንጀት ሽፋን ሴል ወይም አጠገቡ ያለ ነጭ የደም ሴል አደጋ ሲሰማው ይለቀዋል፤ ሌሎቹ ሰምተው ይመጣሉ።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ኢንተርሊውኪን 6፣ ኢንተርፌሮን ጋማና ቲኤንኤፍ በሆድ በሽታ ስማቸው አዘውትሮ ይነሳል። ሁሉም ለጠብ የሚጠሩ አይደሉም። ኢንተርሊውኪን 10 ያረጋጋል። ኢንተርሊውኪን 22 የቆሰለ የአንጀት ሽፋን እንዲጠገን ያግዛል።

ጥሪው ሴሉ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ሴሉ በላዩ ላይ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉት። ከሳይቶካይኖቹ ብዙዎቹ (ቲኤንኤፍ ግን በሌላ መንገድ ነው) እዚያ ላይ ሲያርፉ፣ ከውስጥ በኩል ተጣብቀው የሚጠብቁ «ጃክ» የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። ጃኮች አራት ናቸው፤ አራተኛው ታይክ 2 ይባላል። የነቃ ጃክ ተቀባዩ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል። «ስታት» የሚባሉ ፕሮቲኖች ያችን ምልክት አግኝተው ይጠጋሉ፤ እነሱም ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ሴሉ እምብርት ይገቡና ጂን ያበራሉ። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ታዲያ የሚያበርደው ማን ነው?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስታት ገብቶ ከሚያበራቸው ጂኖች መካከል «ሶክስ» የሚባሉ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ አሉ። የሶክስ ሥራ ጥሪውን ማስቆም ነው። ስለዚህ ጥሪው ራሱ፣ ገና እየተሰማ ሳለ፣ ዝም የሚያሰኘውን ይወልዳል ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። አበጋር የሚጠራው ጠብ ሲነሳ ነው። ሶክስም እንደዚያው ነው። ሰላም ባለበት ሴል ውስጥ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ጥሪ ሲበዛ ይበዛል፤ ሥራውን ሲጨርስ ይቀንሳል።

የሚያስቆመው በተለያየ መንገድ ነው። ሶክስ 1 እና ሶክስ 3 ራሱን ጃክን ይይዙታል። ኢንዛይሙ የሚሠራበት ቦታ ላይ ይሰካሉና ፎስፌት መለጠፍ ያቅተዋል። ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት፣ ለምሳሌ ሲስ የሚባለው፣ ስታት የሚጠጋበትን ቦታ ቀድመው በመያዝ ይከለክሉታል። ሦስተኛው መንገድ ጠንከር ያለ ነው። ሁሉም ሶክሶች ጫፋቸው ላይ «የሶክስ ሳጥን» የሚባል ክፍል አላቸው። በዚያ በኩል ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጠሩና የያዙት ነገር ላይ «ይወገድ» የሚል ምልክት ያስለጥፉበታል። ምልክቱ ዩቢኩቲን ይባላል። ምልክት የተለጠፈበት ፕሮቲን ወደ ሴሉ ወፍጮ ሄዶ ይፈጫል።

ስንት ናቸው? መቼ ታወቁ?

ስምንት ናቸው። ሲስ እና ከሶክስ 1 እስከ ሶክስ 7። ሲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ታወቀ። ሶክስ 1ን ደግሞ በ1997 ሦስት ቡድኖች፣ አንዱ ከአውስትራሊያ ሁለቱ ከጃፓን፣ በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ ጊዜ አገኙት። ስም እንኳ ሦስት ዓይነት ሰጥተውት ነበር። ሁሉም ሆድን አይመለከቱም። ሶክስ 2 ለምሳሌ የእድገት ሆርሞንን ነው የሚቆጣጠረው፤ እሱ የሌለው አይጥ ከእኩዮቹ በጣም ይገዝፋል።

አንጀት ይህን ያህል ማብረጃ ለምን ያስፈልገዋል?

አንጀታችን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። አብዛኞቹ ጎረቤት ናቸው፤ ፋይበር እያብላሉ ይጠቅሙናል። በእነሱና በደማችን መካከል ያለው ሽፋን ደግሞ ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። ያ ሽፋን በየሦስትና አምስት ቀኑ ይታደሳል። በእያንዳንዱ ምግብ፣ በእያንዳንዱ ጎረቤት ባክቴሪያ ኡኡታ ቢነሳ አንጀት አንድ ቀን አይውልም ነበር። ስለዚህ አንጀት ውስጥ ማብረድ የዘወትር ሥራ ነው።

ሶክስ ቢጠፋ ምን ይሆናል?

በአይጥ ታይቷል። ሶክስ 1 የሌለው አይጥ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን ይሞታል። ጉበቱ ይበላሻል፤ ብዙ የአካል ክፍሎቹ ይቆጣሉ። ተመራማሪዎች ቀጥለው ኢንተርፌሮን ጋማንም አብረው አጠፉ። አይጦቹ ተረፉ። ገዳዩ የውጭ ጠላት አልነበረም ማለት ነው። ማንም ያላስቆመው የራሳቸው ጥሪ ነበር።

በሰውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተሙ ጥናቶች ከሁለቱ የሶክስ 1 ጂኖቻቸው አንዱ የተበላሸባቸውን ሰዎች ገልጸዋል። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ነበሩባቸው። እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ነው። ሆድ የሚያመው ሰው ሁሉ ጂኑ ተበላሽቷል ብሎ እንዳይጨነቅ፣ አብሽሩ።

ከበዛስ ጥሩ ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ከኮምቦልቻ የመጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሶክስ 3ን እንውሰድ። የኢንተርሊውኪን 6ን ጥሪ የሚያበርደው በዋናነት እሱ ነው። ነገር ግን ቁስል እንዲጠገን የሚያዝዘው የኢንተርሊውኪን 22 ጥሪም እንደ ኢንተርሊውኪን 6 ሁሉ ከስታቶቹ አንዱ በሆነው በስታት 3 በኩል ነው የሚያልፈው። ሶክስ 3 ከመጠን በላይ ከበዛ የሚጠግነውንም አብሮ ዝም ያሰኘዋል። በተቆጣ የትልቁ አንጀት ሽፋን ውስጥ ሶክስ 3 ጨምሮ ይገኛል። በሌላ በኩል አይጥ ላይ ከአንጀት ሽፋን ሴሎች ብቻ ሶክስ 3ን ሲያጠፉት፣ አንጀቱ በተደጋጋሚ ሲቆጣ ብዙ ዕጢ አበቀለ። ቢበዛም ቢያንስም ችግር አለው። ቦታውና ጊዜው ነው ወሳኙ።

ስለዚህ «ሶክስ የሚጨምር» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጨጓራዬን ያመኛል። ባክቴሪያ ነው ተብያለሁ። ይህ ከሶክስ ጋር ይገናኛል?

ሰው የሚበዛው እዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

ባክቴሪያዋ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ናት። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት አምጪ መሆኗን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት ትቆያለች። በኖረችበት ጊዜ ሁሉ የሳይቶካይን ጥሪ አይቋረጥም። አብዛኛው ሰው ከባድ ነገር ሳይደርስበት ይኖራል። አንዳንዱ ቁስለት ይይዘዋል። ጥቂቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የጨጓራ ካንሰር ይይዘዋል።

ጥሪው አለመብረዱ ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየች አንዲት አይጥ አለች። ተመራማሪዎች የዚህችን አይጥ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀየሩ። የቀየሩት ሶክስ 3 የሚይዝበትን ቦታ ነው። ሶክስ 3 አለ፤ ግን የሚይዘው አጣ። አይጧ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨጓራዋ ላይ ዕጢ አበቀለች። ስታት 3ን በግማሽ ሲቀንሱት ዕጢው ቀረ። መጀመሪያ ሁሉም የጠረጠረው ኢንተርሊውኪን 6ን ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ዋናው ጠሪ ኢንተርሊውኪን 11 ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ባክቴሪያዋ ካለች መጥፋት አለባት ማለት ነው። የጥሪው ምንጭ እሷ ናትና። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ብዙ ፍሬ ነው፤ ያንገሸግሻል። ስለዚህ ሰው ሻል ሲለው በአምስተኛው ቀን ይተወዋል። እባካችሁ ጨርሱት። የተረፈችው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዳ ትመጣለች።

ከላቦራቶሪ በኩል ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የሰገራ አንቲጂን ምርመራ (የባክቴሪያዋን ክፍል ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው) ከማድረጋችሁ በፊት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ንገሩን። ባክቴሪያዋ እያለች «የለችም» ሊል ይችላል። ብዙውን ጊዜ ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው የሚመረመረው። ማቆሙን ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታድርጉት። በደም የሚሠራው የአንቲቦዲ ምርመራ (ሰውነት ባክቴሪያዋን ለመዋጋት የሠራውን ፕሮቲን የሚፈልገው) በተቃራኒው ነው፤ ከዳናችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ድኗል አልዳነም ለማለት እሱን አትመኑት።

የጉበትስ? የወፍ በሽታ የሚባለው?

ዓይን ቢጫ ሲሆን እኛ ጋ የወፍ በሽታ ይባላል። ወፍ አይደለም የሚያመጣው። አንዱ ትልቅ ምክንያት የጉበት ቫይረስ ነው፤ ቢ እና ሲ የሚባሉት ደግሞ ሰውነት ውስጥ ተደብቀው ለዓመታት ይቆያሉ።

ቫይረስ ሲ ተንኮለኛ ነው። ሰውነት ቫይረስን የሚያባርረው በኢንተርፌሮን ጥሪ ነው። ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ ሶክስ 3 እንዲጨምር ያደርጋል፤ ጥሪው እንዳይሰማ። አስታራቂውን ሌባው ለራሱ አሠራው እንደማለት ነው። ድሮ ሕክምናው ራሱ ኢንተርፌሮን በመርፌ መስጠት ስለነበር፣ ጉበታቸው ውስጥ ሶክስ 3 የበዛባቸው ሰዎች መድኃኒቱ ብዙም አይሠራላቸውም ነበር። አሁን ያሉት እንክብሎች ቫይረሱን በቀጥታ ስለሚመቱ በዚያ በኩል አያልፉም። አብዛኛው ሰው ይድናል።

በጉበት ካንሰር ውስጥ የሶክስ 1 ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት የጉበት ዕጢዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የሶክስ 1 ጂን ተዘግቶ ተገኝቷል። ጂኑ አልጠፋም። ሜቲል የሚባል ምልክት ተለጥፎበት ተቆልፏል። የሚያበርደው ሲቆለፍ ስታት 3 «እደግ፣ ተባዛ» እያለ ይቀጥላል።

ለቫይረስ ቢ ክትባት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ለሕፃናት በሚሰጠው መደበኛ ክትባት ውስጥ ተካቷል። ልጆቻችሁን ሁሉንም ዙር አስወጉ። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች ግን አንድ ጊዜ መመርመር ይገባናል።

ተቅማጥና ደም አያቆመኝም። በየጊዜው አሜባ ነው እባላለሁ።

ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜባ ነው እየተባለ በአንድ ክሊኒክ ታከመ። ስንት ጊዜ ያንኑ እንክብል እንደዋጠ ራሱም አያውቀውም። ሰውነቱ አልቆ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ፣ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በሚያሳይ ካሜራ፣ ሲታይ የትልቁ አንጀት የቁስለት በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ራሱ የሚያመጣው፣ ጥሪው ያልበረደ መቆጣት ማለት ነው።

አሜባ የለም አላልኩም፤ አለ። ግን በማይክሮስኮፕ የሚታየው አሜባ ሁሉ በሽታ አምጪ አይደለም። ሂስቶሊቲካ የሚባለው ነው አንጀት የሚያቆስለው። ዲስፓር የሚባለው ጉዳት የለውም፤ መልካቸው ግን አንድ ነው። እኛ ወረቀቱ ላይ «አሜባ ታይቷል» ብለን ስንጽፍ ያ የመጨረሻ ፍርድ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ጊዜ ታክሞ ያልዳነ ሰው ሌላ ነገር ሊፈለግለት ይገባል።

ሌላው ነገር ቲቢ ነው። እዚህ አገር ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አንጀት ላይም ይወጣል። የሚወደው ቦታ ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታም የሚወደው ያንኑ ቦታ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ይገደልበታል፣ ሌላው የሰውነት መከላከያ ይቀነስበታል። ቲቢ ላለበት ሰው መከላከያውን የሚቀንስ መድኃኒት መስጠት በሩን ለጅብ መክፈት ነው። አሜባ አንጀቱን ላቆሰለው ሰውም ስቴሮይድ የሚባለው መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት አደገኛ ነው፤ አንጀት እስከመበሳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ናሙና ልውሰድ፣ ቲቢ ልመርምር ሲል «ለምን ያንከራትተኛል?» አትበሉ። ማንከራተት አይደለም።

ሶክስን መስሎ የሚሠራ መድኃኒት አለ?

ሶክስን ራሱን እንደ መድኃኒት የሚሰጥበት ሕክምና ሐኪም ቤት አልደረሰም። አይጥ ላይ ግን ተሞክሯል። የሶክስን ሥራ በከፊል የሚሠሩ እንክብሎች አሉ። ጃክን ይዘጋሉ። ቶፋሲቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለትልቁ አንጀት የቁስለት በሽታ ተፈቀደ። ኡፓዳሲቲኒብ በ2022 ለዚያው በሽታ፣ በ2023 ለክሮንስ ተፈቀደ።

ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ሶክስ የሚነሳው ጥሪ ባለበት ሴል ውስጥ ነው፤ ሲበቃም ይሄዳል። እንክብሉ መላ ሰውነትን ነው ዝም የሚያሰኘው፤ ጠቃሚውንም ጥሪ ጭምር። ለዚህ ነው ከመጀመር በፊት ቲቢና የጉበት ቫይረስ የሚመረመረው። የአልማዝ ባለጭራ በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። የደም መርጋት ስጋትም አለው። ከሰው ተቀብሎ፣ ከውጭ አስልኮ ያለ ሐኪም የሚዋጥ አይደለም።

ደሴ ላይ ሶክስ መመርመር ይቻላል?

አይቻልም፤ ሌላም ቦታ ቢሆን ለሕመምተኛ እንደ መደበኛ ምርመራ አይሠራም። የምርምር ቤት ሥራ ነው። እኛ የምናየው የጥሪውን ጭስ ነው። ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ አንዱ ነው። ኢንተርሊውኪን 6 ጉበትን ሲጠራው ጉበት ሲአርፒ ያመርታል። ከፍ ካለ የሆነ ቦታ መቆጣት አለ ማለት ነው፤ የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው በሰገራ የሚሠራ ሲሆን መቆጣቱ አንጀት ላይ መሆኑን ይጠቁማል። እሱን የሚሠራ ቦታ ማግኘት ግን ሊያስቸግር ይችላል።

ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ማር ያበርዳሉ?

ተልባ ለብዙ ሰው ሆድ ይመቸዋል፤ ጠጡት። ማርም ቢሆን። ሶክስን አስተካክለው በሽታ ያድናሉ ግን አልልም። በእነሱ ምክንያት ምርመራ አታዘግዩ፤ የምፈራው እሱን ነው።

መቼ ነው ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ?

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። ደም ካስታወካችሁ። ሳትፈልጉት ክብደታችሁ ከቀነሰ። ምግብ ስትውጡ አልወርድ ብሎ ከተያዘባችሁ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ ከያዛችሁ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ ሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨጓራ ካመማችሁም እንዲሁ።

የሰገራ ናሙናውን ከቤቴ ይዤ ልምጣ?

ውሃ የሆነ ወይም ደም ያለበት ሰገራ ከሆነ አይሆንም። ሕያው አሜባ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከሐይቅ ወይም ከወረኢሉ በብልቃጥ ይዛችሁ መኪና ላይ አትንገላቱ። መጥታችሁ እዚሁ ስጡን። ሽንት አይቀላቀልበት። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ስም፣ ስሙን ካላወቃችሁት ደግሞ ባዶ ፓኬቱን፣ ይዛችሁ ኑ።